ስም ጠሪው

ጧት ዊሎ ስፕሪንግ ሰብኮ፣ ቀትር ሃርፐር ፎርድ፣
ማታ ከወንዙ ማዶ፣ በረዶ ሲወርድ፣
ሦስቴ የምትሰበክ አንዲት ስብከት ይዞ፣
አካፋና ብርድ ልብስ ጭኖ፣ ተጉዞ፣
ጧት ጥሬ የነበረች፣ ማታ ላይ በስላ፣
ምርጧን ስብከት ሁሌ የወንዝ ማዶው በላ።

ጳጳሱ በየሰኔው ስም ዝርዝር ያነባል፤
እገሌ እዚህ ይሂድ፣ እገሌ እዚያ ይባላል።
የሜቶዲስት መጋቢ ሳጥኑን አይፈታም፤
ሉኤላ ግን መጋረጃ ሳትሰቅል አትተኛም።
እንዲህ ነው መጋቢ አልደን ሃግበርግ የኖረው፣
ነብራስካን በእግሩም በመኪናም የቆጠረው።

የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳለ፣ በየካቲት፣
መሬቱ ለዶማ እምቢ አለ።
እሳት አንድደውበት፣ አለስልሰው፣ ቆፈሩ፤
ለአንዲት ትንሽ ሣጥን፣ ለስድስት ዓመት ልጅ።
የሃቭራኔክ መንትዮች ነበሩ፣ ዶራና ኖራ።
ዶራ ሞተች። ኖራ የእናቷን ካፖርት ይዛ ቆማለች።
መጋቢው መጽሐፉን በጓንት ገለጠና
«እህታችንን ኖራን ለምድር እንሰጣለን» አለ።
ማንም አላረመው። ነፋስ ነበር።
ልጅቷ ብቻ ቀና አለች፣
ስሟ በእህቷ ላይ አፈር ሲለብስ ያየች።

ማታ፣ የሙታን መዝገብ ላይ፣ ብዕሩ ቆመ።
«ሉኤላ፣» አለ፣ «ዛሬ ማንን ነው የቀበርኩት?»

በዓመቱ አንጎላ፣ ማላንጄ ሄደ።
ጉባኤው ጥሪ ነው ብሎ አጨበጨበለት፣
የሴቶቹ ማኅበር ብርድ ልብስ ሰፋለት፤
ለዚያ ሙቀት አገር!
ዮናስም የመርከብ ዋጋውን ከፍሏል፤
የሸሸ ሰው እኮ ሚስዮናዊ ይባላል።

እዚያ አንድ አናጢ፣ ዶሚንጎስ የሚሉት፣
«ለቅሶ ቤት ስትገባ እግርህ ይቅደም፣ አፍህ ይቆይ፤
ስም ስትጠራ ደግሞ ፊት እያየህ ይሁን» አለው።
ሊያስተምር የሄደው አሥራ አራት ዓመት ተምሮ፣
በወባ ገርጥቶ፣ ጠጉሩ ሳስቶ፣ ተመለሰ።

በሩን ያንኳኳችው ኖራ ነበረች፣ ሃያ አንድ ሆኗት።
«ላገባ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያጋባኝ።
አንዴ አፈር አልብሰኸኛል፣ አሁን ነጭ አልብሰኝ፤
ሰው ሁሉ እየሰማ በስሜ ጥራኝ።»

ጠራት። ድምፁ ተሰበረ። ደግሞ ጠራት።

ከዚያ ወዲያ ወደ መቃብር ሲሄድ
የሟቹን ስም በግራ መዳፉ ይጽፍ ነበር፣
በእስክሪብቶ፣ በሰማያዊ ቀለም።
ሉኤላ የሸሚዙን እጅጌ ስታሽ ታጉረመርም ነበር፤
እሷም ስትሞት ጻፋት።
ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠራውን ስም
ለገዛ ምላሱ አላመነም።

የኖራን ልጆች አጠመቀ፤ ባሏን ቀበረ፤
ዓይኑ ሲደክም ስብከቱን በቃሉ አደረገ፤
ቃሉ ሲደክም ዝም ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ፤
ያን ጊዜ ነው፣ አሉ ሰዎቹ፣ ከሁሉ ይልቅ የሰበከው።

በዘጠና ስምንቱ፣ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል አረፈ።
አስታማሚዋ ገላውን ልታጥብ እጁን ብትዘረጋው፣
በተንቀጠቀጠ ፊደል፣ በሰማያዊ ቀለም፣
*ዶራ።*

ኖራን ጠሯት፤ ሌላ ዘመድ የለውም።
ኖራ፣ ሰባ ዓመት ኖራ፣ በከዘራ መጣች።
መዳፉን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች።
ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣
ሕፃን ሳንቲም ይዞ ወደ ሱቅ ሲላክ እንደሚደረገው።
«አትጠቡት፣» አለች፣ «ይዟት ይሂድ።»

አዲሱ መጋቢ ልጅ ነው፤ ወረቀቱን ነፋስ ወሰደበት።
ኖራ ናት ከጉድጓዱ ዳር የጠራችው፣
የአባቱን ስም ጨምራ፣ ጮክ ብላ፣ ሁለት ጊዜ።
ከዚያ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረዱ፤
ድንች በቺዝ ነበር፣ ለብ ያለ፤
በሉ።